ሮተርዳም ቤት መግዛት ያዋጣል? ባህሩስ?

ሜሪ፦ ሰላም ወገኖች፣ ሆላንድ፣ ሮተርዳም ቤት ልንገዛ ነው ግን ከተማው ብዙው ከባህር በታች ነው ሲሉኝ ልጆቼን ይዤ እንዴት ልግባ ብዬ ፈራሁ፣ ባህሩ ከፍ እያለ ሲሄድ እነዚህ ሰዎች ምን አስበዋል?

የሸገር ልጅ፦ አይዞሽ እህቴ። በ1953 እ.ኤ.አ ጎርፉ ከ1,800 በላይ ሰው ከጨረሰባቸው በኋላ ቀልድ አያውቁም። ማስላንትኬሪንግን፣ ማለትም የባህር ማዕበል የሚያግደውን ግዙፍ መዝጊያ፣ ሄደሽ እዪው፣ ሁለቱ በሮች እያንዳንዳቸው 210 ሜትር ናቸው፣ ማዕበል ሲመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የሚዘጋው።

ዳኒ፦ በሩ ብቻ አይበቃም ባይ ነኝ። ባህሩ ከፍ ባለ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ይዘጋል፣ ያኔ በከተማው አልፎ ወደ ባህር የሚፈሰው የራይን ወንዝ ውሃ የት ይሂድ? ናይሜኽን የምትባል ከተማ ላይ እኮ ለወንዙ ቦታ ለመልቀቅ በወንዙ ዳር ያለውን የጎርፍ መከላከያ ግድብ ወደ ኋላ ሲያስገቡት ቤታቸው የፈረሰባቸው አሉ፣ ያሳዝናል ግን ትክክል ነው። ብቻ ሳትፈርሚ ቤቱ ከግድቡ ውጪ፣ በውሃው በኩል፣ እንዳይሆን አጣሪ፣ እዛ ጎርፍ ከገባ ኪሳራው የራስሽ ነው።