በ4 ጊጋባይት ራም ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ለአማርኛ የቢሮ ሥራ

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ላፕቶፑ 4 ጊጋባይት ራምና 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው፤ የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ፕሮሰሰሩ አሮጌ ስለሆነ ደግሞ 11ን አይቀበልም። ወደ ሊኑክስ ሚንት (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም) ለማዛወር ከምን ልጀምር? ሥራው የአማርኛ ደብዳቤ፣ ኤክሴልና ኢሜይል ነው።

መልስ 1
ወንድሜ፣ ከዲስኩ ጀምር። ራሙ ሲሞላ ሲስተሙ ትርፉን ዲስኩ ላይ ያራግፋል፤ ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ማሽኑ ድርቅ የሚለው ያኔ ነው። በምትኩ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ይበቃሃል። ክፍት የራም ቦታ ካለው 4 ጊጋባይት ጨምርበት፤ ግን መጀመሪያ ያለውን አውጥተህ ጽሑፉን አንብብ። 1.35 ቮልት የሚፈልግ ላፕቶፕ ባለ 1.5 ቮልቱን ራም ሲያስገቡበት ላይነሳ ይችላል።

ከሚንት ቀለል ያለውን የኤክስኤፍሲኢ እትም አውርደህ ሩፈስ በሚባለው የማስነሻ ፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ጻፈው። ከመጫንህ በፊት ከፍላሹ ብቻ አስነሳና ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ካሜራውን ሞክር።

መልስ 2
አማርኛውን ለመጻፍ ከሶፍትዌር ማኔጀር አይባስን (በተለያዩ ቋንቋዎች መጻፊያ ፕሮግራም) እና የአማርኛውን አጻጻፍ የሚጨምርለትን አይባስ ኤም17ኤንን ጫን። ኢንፑት ሜተድ ላይ አይባስን ምረጥና ከአካውንትህ ወጥተህ ግባ። ብዙ ሰው ይህን ይዘልና «አልሠራም» ይላል። ከዚያ አይባስ ፕሪፈረንስ ውስጥ አማርኛ ሴራን (በላቲን ፊደል ቁልፎች አማርኛ የሚያስጽፈውን ስልት) ጨምር። ሴራ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፦ ትንሹ ቲ «ት»፣ ትልቁ ቲ «ጥ» ይሰጣል። ስለዚህ ካፕስ ሎክ በርቶ እንዳይቀር።

ሌላው ፎንት ነው። ኒያላ የማይክሮሶፍት ስለሆነ ሚንት ላይ የለም። በኒያላ የተጻፈ ደብዳቤ በሊብረኦፊስ (የሚንት የቢሮ ፕሮግራም) ሲከፈት ሌላ ፎንት ይተካበታል፤ መስመሩ ይዛነፍና ፊርማው ብቻውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ያርፋል። አቢሲኒካ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ጭነህ ገጹን አስተካክል፤ የሚላከውን ሁልጊዜ በፒዲኤፍ ላክ።

መልስ 3
ዲስኩን ከመፍታትህ በፊት የቆዩ ሰነዶችህን ክፈትና እይ። ዩኒኮድ (ማሽኖች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆኑ የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ከሆኑ፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆነው ነው የሚታዩት። እዚያው ዊንዶውሱ ላይ ወደ ዩኒኮድ ቀይራቸው።

የላፕቶፑ ባትሪ ከደከመ ሊብረኦፊስ በየ10 ደቂቃው የሚይዘውን መጠባበቂያ ወደ 2 ደቂቃ አውርደው፤ መብራት ሲጠፋ የሚያተርፍህ እሱ ነው። አሮጌውን ዲስክ ሳታጠፋው በዩኤስቢ ኬዝ ውስጥ አስቀምጠው፤ የጎደለ ፋይል ቢኖር ከዚያ ታወጣዋለህ።