የባሕር ዳር ክረምትና የልጆች እንቅስቃሴ፦ ከቦቲ እስከ ቴኳንዶ

ሰኔ መጨረሻ ላይ ካርድ ተሰጥቶ ትምህርት ቤት ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ በባሕር ዳር የምንኖር ወላጆችን ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመናል፤ ይኸውም ዝናቡ በሚበረታበትና ግቢው በሚጨቀይበት በሐምሌና በነሐሴ ልጆች በቴሌቪዥንና በስልክ ፊት ተቀምጠው እንዳይከርሙ ምን ይደረግ የሚለው ነው። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅና የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ ስላሉኝ፣ ባለፉት ሦስት ክረምቶች በከተማችን ከሚሸጡት ዕቃዎችና ከሚሰጡት አገልግሎቶች ብዙዎቹን ሞክሬያለሁ። አንዳንዱ ገንዘቤን አስቆጭቶኛል፤ አንዳንዱም ካሰብሁት በላይ ጠቅሞኛል።

ዝርዝሩ ውስጥ ከመግባቴ በፊት ምርጫዬን የወሰነውን ነገር ልናገር። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ክረምቷ እንደ ደብረ ታቦር ወይም እንደ ደብረ ማርቆስ አጥንት የሚሰብር ብርድ የለውም። ዝናቡም ቢሆን ቀኑን ሙሉ አይጥልም፤ በእኛ ሰፈር እንደማየው በብዙዎቹ ቀናት ጠዋቱ ይገልጥና ዝናቡ ከሰዓት በኋላና ሌሊት ይወርዳል። ልጆቻችንን ጠዋትም ጭምር ቤት የሚያስቀምጣቸው ጭቃው ነው፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ ደግሞ ልብስ ማጠቡ የሚያሳስበን እኛው ነን። ስለዚህ በጀቱ ውስን የሆነ ወላጅ መጀመሪያ ልጁ ጠዋት ወጥቶ እንዲጫወት በሚያስችለው ዕቃ ላይ፣ ከዚያም ገንዘብ ከተረፈው ከሰዓት በኋላ በጣሪያ ሥር በሚሰጠው ሥልጠና ላይ ቢያውል ይሻላል እላለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ለሆናቸው ልጆች የሚመክረው በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ የሆነ እንቅስቃሴ ነው፤ ይህን ደግሞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ መሙላት ይቻላል።

ጫማን በተመለከተ፣ ብዙ ልጆች በበጋ የሚጫሙት ሸራ ጫማ ለዚህ ወቅት አይሆንም፤ አንድ ጊዜ ከራሰ ሁለት ቀን አይደርቅም፣ ሳይደርቅ ከተጫሙትም እግር ይልጣል። ኮንጎ ጫማ ርካሽ፣ በቀላሉ የሚታጠብና ወዲያው የሚደርቅ በመሆኑ ለኮብልስቶን መንገድ እወደዋለሁ፤ ጭቃው ከቁርጭምጭሚት በላይ በሚሆንበት ቦታ ግን ጫማው እዚያው ተውጦ ይቀርና ልጁ በባዶ እግሩ ይወጣል። የሚቀረው ቦቲ ነው፤ እሱንም መምረጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቅዳሜ ገበያ ለልጆች የሚሆነው ቦቲ ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ አንዱ ውስጡ በጨርቅ የተገበረ፣ ሌላው ገበር የሌለው ነው። ሻጮች የተገበረውን «ይሞቃል» እያሉ ያስቀድማሉ፤ እኔም በመጀመሪያው ክረምት እሱን ገዝቼ ነበር። ውኃ አንድ ጊዜ በአፉ ከገባ ግን ገበሩ እንደ ስፖንጅ መጥጦ ለሦስት ቀን አይለቀውም፤ በአራተኛው ቀን ደግሞ ይሸታል። ገበር የሌለውን በጨርቅ ጠርጎ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቆ በረንዳ ላይ ማሳደር ይበቃል፤ ለብርዱ ወፍራም ካልሲ አለ።

ሲገዙ የቦቲውን ቁርጭምጭሚት አጠፍ አድርጎ መመልከት ይገባል። ሲታጠፍ ነጭ መስመር የሚያወጣው ደረቅ ፕላስቲክ ነሐሴ ሳይጋመስ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል፤ እንደ ጎማ ተለጥጦ ወደ ቦታው የሚመለሰው ግን ከታላቅ ልጅ ለታናሹ ይተርፋል። ቁጥሩንም በአንድ ብቻ ከፍ ማድረግ ይበቃል። «ለከርሞም ይሆነዋል» ብዬ ሁለት ቁጥር ጨምሬ በገዛሁበት ዓመት፣ ልጄ ሲሮጥ ቦቲው ከእግሩ እየወለቀ በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ በግንባሩ ተደፍቷል።

ለቦቲ ይህን ያህል ቦታ የሰጠሁት ካልሲ እንዳይቆሽሽ ብዬ ብቻ አይደለም። በጎጃም ገጠሮች የሚታየው፣ ሰው ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት አንዱ መንስኤ ለብዙ ዓመታት ቀይ የሸክላ አፈርን በባዶ እግር መርገጥ ነው፤ የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ይገቡና በጊዜ ብዛት ከውስጥ ያለውን የፈሳሽ መተላለፊያ ይጎዳሉ። በቆዳ የሚገቡ የአንጀት ትሎችም እርጥብ አፈር ይስማማቸዋል። እኛ ልጆች ሳለን በባዶ እግራችን ነው ያደግነው የሚሉ ዘመዶቼ ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ጋር አልከራከርም፣ ለልጆቼ ግን ቦቲ እገዛለሁ።

ስለ ዝናብ ልብስ ብዙ የምለው የለኝም። ጃንጥላ አንድ እጅ ከመያዙም በላይ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ስለሚገለብጠው ለሚጫወት ልጅ አይሆንም። ባለ ቆብ የላስቲክ ካፖርት ይሻላል፤ መጋጠሚያው በመርፌ የተሰፋ ሳይሆን በሙቀት የተጣበቀ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ በስፌቱ ቀዳዳ ውኃ ይገባልና። እረኞች የሚለብሱት ገሳ ሁለቱንም እጅ ነጻ ስለሚተው በአሠራሩ ከጃንጥላ ይበልጣል ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም።

ከተማችን ሜዳማ በመሆኗ የሳይክል አገር ናት፤ ይሁን እንጂ በክረምት የልጅን ሳይክል መስቀል የተለመደ ነው። ይህ ልማድ የሚጠቅም አይመስለኝም። ብዙዎቹ የልጅ ሳይክሎች ያለ ፓራፋንጎ ስለሚሸጡ ከኋላ ጎማ የሚነሣው ጭቃ ከወገብ እስከ ማጅራት አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል፤ ለሳይክል ጠጋኝ ጥቂት ብር ከፍሎ የፊትና የኋላ ፓራፋንጎ ማስገጠም ይህን ያስቀራል። ከተነዳ በኋላም ካቴናውን ጠርጎ ዘይት መቀባትና ፍሬኑን መፈተሽ ያስፈልጋል፤ እርጥብ ፍሬን ቶሎ አይዝም። የኪራይ ሳይክል ለታላላቆች ጥሩ ቢሆንም ለስድስት ዓመት ልጅ የሚሆን ቁመት ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ ለታናናሾች ያገለገለ መግዛት ያዋጣል። ቦታውን በተመለከተ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የእግረኛና የሳይክል መስመር ስላለው፣ ሰፈር ውስጥ ጭቃው መግቢያ መውጫ ባሳጣ ጠዋት እንኳ መሬቱ ንጹሕ ነው። ልጆቼ መሐል ላይ ቆመው የደፈረሰውን የዓባይ ውኃ እያዩ ሲወራረዱ ግማሽ ሰዓት ያልፋል፤ እሱንም ከእንቅስቃሴ አልቆጥረውም፣ ግን አልከለክላቸውም።

አሁን ወደ ከሰዓት በኋላው ልለፍ። በጣሪያ ሥር ከሚሰጡት ሥልጠናዎች ውስጥ ለእኔ ቀዳሚው ቴኳንዶ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የተወሰነ ሰዓት አለው፣ ልጁ በእርግጥ ያልበዋል፣ ተራ መጠበቅንም ይማራል። ሆኖም የሚነገረው ወርኃዊ ክፍያ ሙሉው ወጪ ስላልሆነ፣ መመዝገቢያው፣ የደንብ ልብሱና የቀበቶ ፈተናው ለየብቻ ስንት እንደሆነ ከመመዝገብ በፊት መጠየቅ ይገባል፤ ለሁለት ወር ብቻ ለሚመዘገብ ልጅ የደንብ ልብሱን ሳይገዛ በቱታ እንዲሠለጥን የሚፈቅዱ አሠልጣኞች አሉ። ከዋጋው በላይ የማየው ግን ወለሉን ነው። ልጆች በባዶ እግራቸው ስለሚሠለጥኑ ምንጣፉ እርጥብ ከሆነ የእግር ጣት መሐል ቁስልና ጭርት ይዛመታል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ያስመዘገብሁበት አንድ አዳራሽ ጣሪያው በአንድ ጥግ ያፈስስ ነበር፤ ከላይ ሲያዩት ምንጣፉ ደረቅ ይመስላል፣ ጠርዙን ገልጬ ስመለከት ግን ከሥሩ ውኃ አቁሯል። ልጄን በዚያው ሳምንት አስወጣኋት፣ የከፈልሁት ግን አልተመለሰልኝም። ከዚያ ወዲህ አዳራሽ የምጎበኘው ዝናብ እየጣለ ሳለ ነው።

ባህላዊ ውዝዋዜ የሚያስተምሩ ቡድኖችም አሉ። ክፍያው ከቴኳንዶው ይቀንሳል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ እስክስታ የወረደ ልጅ ደግሞ ማታ ያለ ልመና ይተኛል። በአንጻሩ ፕሌይስቴሽን ቤትና ጆተኒ ከዝናብ ያስጠልላሉ እንጂ ገላን አያንቀሳቅሱም። በአየር የሚነፋውን መዝለያ በሚመለከት ልጆቼ ከእኔ ጋር አይስማሙም። አንድ እሑድ ከፍለን ገብተን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መብራት ጠፋ፤ መዝለያው እንደ ተበሳ ፊኛ ቀስ ብሎ ሲተነፍስ ልጆቹ እየሳቁ ከላስቲኩ ሥር ወጡ፤ እኔ ግን ደንግጬ ነበር። ጄኔሬተር ያለው ቦታ መሆኑን ሳይጠይቁ መክፈል አይገባም።

ዋናን በተመለከተ፣ በሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዳንዶቹ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ገንዳቸውን በክፍያ ይፈቅዳሉ። በክረምት ውኃው ስለሚቀዘቅዝ ለትንንሾች ከግማሽ ሰዓት በላይ አይሆንም፤ ነጎድጓድ ሲሰማም ወዲያው መውጣት ያስፈልጋል። ገንዳው ውድ ነው ተብሎ ልጅን ወደ ጣና ዳር ማውረድ ግን ከቶ አይመከርም፤ በዳርቻው ባለው ውኃ ቢልሃርዝያ አለ፣ ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚኖረውም ልጆች ሊንቦጫረቁ በሚወዱት ሣር በበዛበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው። ቦቲም ቢሆን ውኃው በአፉ ከገባ አያድንም።

ምንም ወጪ ለማድረግ ለማይችል ቤተሰብ በረንዳ ይበቃል። በጠመኔ የተሠመረ ሰኞ ማክሰኞ፣ አንድ የመዝለያ ገመድና ከአሮጌ ካልሲ የተጠቀለለ የጨርቅ ኳስ እኔ ከገዛኋቸው መጫወቻዎች ሁሉ በላይ አገልግለዋል። የጨርቅ ኳሱ መስኮት ስለማይሰብር በሳሎንም ይፈቀዳል። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ገመድ ዝላዩን በምድር ቤቱ መተላለፊያ ቢያደርገው ከታች ካሉት ጎረቤቶች ጋር በሰላም ይከርማል።

ለሥልጠና የሚመዘገብ ሰው ከቀን መቁጠሪያው ጋርም መመካከር አለበት። ከነሐሴ 1 ጀምሮ በፍልሰታ ብዙ ልጆች ስለሚጾሙና ከቅዳሴ ስለማይቀሩ፣ ቀትር ላይ ባልበላ ሆድ ቴኳንዶ መላክ አይገባም። እኔ ለእነዚያ ሁለት ሳምንታት ክፍያው እንዲሸጋገርልኝ አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ ያለ ማንገራገር የፈቀደልኝ አሠልጣኝ ዘንድ ነው ዘንድሮም ያስመዘገብሁት። ነሐሴ 13 ደግሞ ቡሄ ነው። ሆያ ሆዬ እያሉ ከቤት ቤት የሚዞሩ ልጆች በዱላቸው መሬት እየደበደቡ የሚዘሉትን ያህል የትኛውም አዳራሽ አያዘልላቸውም። ጅራፍ ማጮህም ትከሻንና ወገብን የሚያሠራ ጨዋታ ነው፤ ለስድስት ዓመት ልጅ ከቁመቱ ያልበለጠ ጅራፍ ይበቃዋል፣ ሌላው ልጅም ቢያንስ ሦስት እርምጃ መራቅ አለበት። የተገመደ ጅራፍ በዓሉ ሲቃረብ ገበያ ላይ ይገኛል፤ የእኔን ልጆች ጅራፍ ግን የሚገምዱላቸው አያታቸው ናቸው፣ እሳቸውም የገበያውን ጅራፍ «ድምፅ የለውም» ይሉታል።