ጉበቴ ላይ ስብ አለ ተባልኩ፣ ኤምአርአይ መነሳት አለብኝ?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? ድሬ ነኝ፣ 41 ዓመቴ ነው። ለሆድ ቁርጠት ብዬ አልትራሳውንድ ተነስቼ «ጉበትህ ላይ ስብ አለ፣ ግሬድ 2» ብለው ወረቀት ሰጥተው ሸኙኝ። የሚያብራራልኝ ሰው አላገኘሁም። አጎቴ ደግሞ «አዲስ አበባ ሄደህ ኤምአርአይ ተነሳ፣ ቁርጡን የሚነግርህ እሱ ነው» እያለ ይዞኛል። ብሩም መንገዱም ቀላል አይደለም። አልኮል አልጠጣም ወላሂ፣ እቅማለሁ ግን። ኤምአርአዩ አልትራሳውንድ ያላየውን ምን ሊያይ ነው?

ከዚራ፦
አቦ አልኮሉን ቆጠርክ፣ ከጫቱ ጋር የምትገለብጠውን ለስላሳና ስኳሩ ያልሟሟ ሻይ ረሳኸው? ሃሃ።

የምስል ክፍል ሰው፦
አልትራሳውንድ የሚገምተው በንጣት ነው። ጉበትህ ከኩላሊትህ አንጻር ነጣ ካለ ስብ አለ ይባላል፣ ስቡ ትንሽ ከሆነ ግን ያመልጠዋል። ኤምአርአይ የሚያዳምጠው ሃይድሮጅንን ነው፤ ማግኔቱ ውስጥ ስትገባ የስቡ ሃይድሮጅን ከውሃው ትንሽ ዘግየት ብሎ ስለሚሽከረከር ሁለቱ አንዴ ይገጥማሉ፣ አንዴ ይለያያሉ፣ ማሽኑም በተለያየ ቅጽበት ምልክታቸውን ይዞ የስቡን ድርሻ በፐርሰንት ያወጣልሃል። ከ5 ፐርሰንት ገደማ ካለፈ ፋቲ ሊቨር (ስብ የበዛበት ጉበት) ነው። ጨረር የለውም፣ መርፌም አያስፈልገውም፣ 20 ሰከንድ ያህል ትንፋሽ መያዝ ነው። ተመራማሪዎች የወደዱት ለዚህ ነው፤ በመርፌ የሚወሰደው ናሙና ክር የምታህል ቁራጭ ናት፣ ይሄ ግን ጉበቱን በሙሉ ያያል፣ መድኃኒት ሲሞከርም ስቡ ቀነሰ አልቀነሰም ብሎ ደጋግሞ ለመለካት ይመቻል። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ ስብ የሚለካው ፕሮግራም ማሽኑ ላይ ከሌለ ዝም ብሎ የሆድ ኤምአርአይ ተነስተህ ፐርሰንቱን ሳታገኝ ትመለሳለህ። ደውለህ ጠይቅ።

ሐኪም ከሐረር፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ወንድሜ እኔን የሚያሳስበኝ ስቡ ሳይሆን ጠባሳው ነው። 10 ፐርሰንት ይሁን 20፣ ጉበትህ ጠባሳ መያዝ አለመያዙን ያ ቁጥር አይነግርህም። ለጠባሳው ጉበቱን እያንቀጠቀጠ ጥንካሬውን የሚለካ ሌላ ዓይነት ኤምአርአይ አለ፣ ወይም ፋይብሮስካን፣ ይሄንኑ ጥንካሬ በአልትራሳውንድ የሚለካ መሣሪያ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን እዚያው ድሬ ደም ስጥ። ዕድሜህ፣ ሁለቱ የጉበት ኢንዛይሞችና ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) አንድ ላይ ተሰልተው ፊብ-4 የሚባል ነጥብ ይወጣል፤ ከ1.3 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው። የጉበት ቫይረስ ቢን አብረህ ተመርመር። ስለ ጫቱ ደግሞ አትቀየመኝ፣ እዚሁ ሐረር ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ጫት መቃምን ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። ውፍረት ካለህ ከኪሎህ 7 እስከ 10 ፐርሰንት መቀነስ ለጉበትህ ብዙ ይሠራል።

የሳቢያን ልጅ፦
ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ቫይረሱን ተመርምሬ አላውቅም፣ ነገ ጠዋት ደም እሰጣለሁ። ለአጎቴ ምን እንደምለው ግን አላውቅም፣ የመኪና ሰው እያፈላለገልኝ ነው።

ከዚራ፦
ለስላሳውስ?

የሳቢያን ልጅ፦
እሱን ቀስ እያልን አቦ።