ልጄን ሌላ የሶፍትቦል ካምፕ ልውሰዳት? እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት፤ ሶፍትቦል (ቤዝቦል የሚመስል ጨዋታ) ላይ ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ ናት። በቀደም አንድ ኮሌጅ ያዘጋጀው የሁለት ቀን ካምፕ ወሰድኳት። እኔ የሚታየው የኳሱ ፍጥነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። የኮሌጁ አሰልጣኝ ግን ኳስ ሲያመልጣቸው የልጆቹን ፊት ነበር የምታየው። ልጄ ሁለቴ ስትሳሳት ተናዳ ጓንቷን መሬት ላይ ወረወረች። አሰልጣኟ ወዲያው ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ልቤ ድንግጥ አለ።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ለአሰልጣኟ ሦስት ኢሜይል ላከች፤ መልስ የለም። እንቅልፍ አጥታለች። የዲቪዚዮን 1 (የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) አሰልጣኞች ተማሪዋ አሥራ አንደኛ ክፍል በምትገባበት ዓመት ሴፕቴምበር 1 ሳይደርስ ስለ ምልመላ መጻጻፍ እንደማይፈቀድላቸው የሰማሁት በኋላ ነው። ትንሽ ቀለል አለኝ።

አሁን ግራ የገባኝ ገንዘቡ ነው። ለሌላ ካምፕ ልክፈል ወይስ የሒሳብ አስጠኚ ልቅጠርላት? ዲቪዚዮን 1 ለመጫወት ሃይስኩል ላይ መጨረስ ያለባት ሒሳብን ጨምሮ 16 ዋና ዋና ኮርሶች አሉ፤ እሷ ደግሞ ሒሳብ ይከብዳታል። ዲቪዚዮን 3 የሚባለው የኮሌጆች ደረጃ ደግሞ የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም፤ እዚያ ልጅ ያስገባችሁ እንዴት ቻላችሁት? ስለ ጓንቱስ ለአሰልጣኟ ይቅርታ ትጻፍ ወይስ ትተወው? በዚህ ያለፋችሁ፣ በሞቴ ንገሩኝ።