አዲስ አበባ ሆኜ የኮራል በጎ ፈቃደኛ ልሆን ነው፤ የሄደበት ሰው አለ?

ጠያቂዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ስታዲየም አካባቢ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ለትርፍ ያልቆመ አንድ ድርጅት ኬንያ ጠረፍ ላይ የአራት ሳምንት ፕሮግራም አለው። መጀመሪያ ስኩባ ዳይቪንግ፣ ማለትም አየር በጀርባ ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ፣ ያስተምሩሻል፤ ከዚያ ኮራልና (ድንጋይ መስሎ ባሕር ሥር የሚያድገውን እንስሳ) ዓሣ ስትቆጥሪ ትከርሚያለሽ። አመለከትኩ፣ ተቀበሉኝ፣ ሰኔ 1 ጀምሪ አሉኝ። ደስታዬ ግን አንድ ቀን እንኳ አልቆየም።

አንደኛ፣ በጎ ፈቃደኛ ብለው ጠርተው ክፍያ ጠየቁኝ። ይሄ ጤነኛ ነገር ነው? ሁለተኛ፣ ዋናዬ የሚያኮራ አይደለም። ገንዳውን ሁለቴ ከተመላለስኩ ጠርዙን ይዤ ነው የማለከልከው። ሦስተኛ፣ የዓመት ፈቃዴ በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ እሑድ ያልቃል። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ዳይቭ ጨርሼ እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ልበር አስቤአለሁ፤ ይሆናል? ሰኞ ቢሮ መገኘት አለብኝ። እናቴ እንደሆነች «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» ከማለት ሌላ ቃል የላትም። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሞገድ፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው ጠረፍ ላይ ሌላ ድርጅት ጋር ስድስት ሳምንት ቆይቻለሁ። ማስከፈላቸው የተለመደ ነው። የጀልባው ነዳጅ፣ ምግቡ፣ ማደሪያው፣ የአስተማሪው ደሞዝ ሁሉ የሚወጣው ከበጎ ፈቃደኛው ኪስ ነው። ማየት ያለብሽ ገንዘቡ ምን እንደሚሠራ ነው። ስለዚህ ጻፊላቸው። ዋጋው ውስጥ ስንት ዳይቭ አለ? ሰርተፊኬቱ ተካቷል? ጀልባው ላይ ለአደጋ ጊዜ ኦክስጅን ይያዛል? የቆጠርነውን ማን ይረከበናል? እኔ ይህን የመጨረሻውን ስጠይቅ ያለፈውን ዓመት ሪፖርት ላኩልኝ። ከዚያ በፊት የጠየቅኩት ሌላ ቦታ ግን የላከልኝ የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ ነበር። ተውኩት።

ሥራው እንደ ፎቶው አይደለም፣ ልንገርሽ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ትምህርት ነው፤ የዓሣ ስም ስትሸመድጂ ታመሻለሽ። ከዚያ እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር ያለ መቶ ሜትር ርዝመት ያለው ጥቅል ኮራሉ ላይ ትዘረጊያለሽ። እኛ የምንሠራው ሪፍ ቼክ በሚባለው አሠራር ነበር። ሜትሩ ሃያ ሃያ ሜትር በሆኑ አራት ክፍሎች ይከፈላል፤ በየመሃሉ አምስት ሜትር ይዘለላል። በየግማሽ ሜትሩ ከሜትሩ ሥር ያለውን ትጽፊያለሽ፤ ጠንካራ ኮራል ነው፣ ለስላሳ ነው፣ አሸዋ ነው፣ ድንጋይ ነው። በጠቅላላ 160 ነጥብ ማለት ነው። የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ ትወጂዋለሽ። የምትጽፊው በተራ እርሳስ፣ በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ነው። እርሳሱን በክር ካላሰርሽው አምልጦ ሽቅብ ይሄዳል፤ የእኔ ሁለቱ ሄደዋል። ታች ጸጥታ ይመስልሻል እንጂ ጸጥታ አይደለም። ፓሮትፊሽ የሚባለው ዓሣ ኮራሉን ሲቆረጥም ቆሎ እንደሚበላ ሰው ቁርጥም ቁርጥም ሲል ይሰማሻል።

አሁን ያላስደሰተኝ ነገር፦ ሰኔ። በዚያ ወቅት ኩሲ የሚሉት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል። ባሕሩ ይናወጣል፣ ውሃው ይደፈርሳል፤ ግንቦትና ሰኔ የሚዘጉ ዳይቪንግ ቤቶች ብዙ ናቸው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ግን ጥሩ ነው። ሰኔ ከሄድሽ ከአራቱ ሳምንት ግማሹን የባሕር ዳርቻ ፕላስቲክ ስትለቅሚ ልታሳልፊው ትችያለሽ። እሱም ሥራ ነው፤ ግን ለሱ ዳይቪንግ አያስፈልግሽም።

የቀበና ልጅ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ለመሥራት መክፈል የሚባል ነገር አይገባኝም። ቀበና ወንዝ እዚህ አፍንጫችን ሥር ነው። እሱን በነጻ አጽጂ፤ የሱ ቆሻሻ አይደል ዞሮ ዞሮ ባሕር የሚገባው?

ሞገድ፦

ቀበናን ማጽዳቱ ላይ አብሬህ ነኝ። ባሕር ግን አይገባም። ቀበና አቃቂን ይዞ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ባሕር ሳያይ የሚቀር ወንዝ ነው። የኛ ፌስታል የሚከማቸው የአፋር ወንድሞቻችን ግመል የሚጠጣበት ላይ ነው። ያ ደግሞ የባሰ ነው።

የቀበና ልጅ፦

እሺ፣ ተሸነፍኩ። ወንዙ ግን አሁንም እዚያው ነው።

ዋና አሠልጣኝ፦

ዋናው ያን ያህል አያስፈራሽ። ለጀማሪዎች የሚሰጠው ኦፕን ዋተር ኮርስ የሚጠይቀው 200 ሜትር ሳይቆሙ መዋኘት ነው፤ ወይም በማስክ፣ በፊን (እግር ላይ በሚጠለቀው መቅዘፊያ) እና በመተንፈሻ ቱቦ 300 ሜትር። ሰዓት አይያዝብሽም። ከዚያ ምንም ሳይዙ አሥር ደቂቃ ውሃ ላይ መቆየት። 200 ሜትሩ በ25 ሜትር ገንዳ ስምንት ርዝመት ማለት ነው። የሂልተኑን ገንዳ አትሞክሪ፤ ቅርጹ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ መስቀል ስለሆነ ስትቆጥሪ ግራ ይገባሻል። ውሃው ግን ፍል ነው፣ ለመዝናናት ሸጋ ነው።

ሁለት ዙር ላይ ትንፋሽ የሚያልቅበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት አንሶት አይደለም። ፊቱን ውሃ ውስጥ ሲከት ትንፋሹን ይይዛል፣ ቀና ሲል ማስወጣትም ማስገባትም ባንዴ ያምረዋል። ውሃው ውስጥ ሳለሽ በአፍንጫሽ ቀስ ቀስ እያልሽ አስወጪ፤ ቀና ስትይ መሳብ ብቻ ይቀርሻል። በሳምንት ሦስት ቀን ለሁለት ወር ከሠራሽ ስምንቱን ትጨርሻለሽ። ደግሞ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የለመደ ሳንባ ባሕር ጠረፍ ሲወርድ ድግስ ነው የሚሆንለት።

ነርስ ነኝ፦

ከትኬቱ በፊት የጤና ቅጹን ላኩልኝ በያቸው። ዳይቪንግ የሚያስተምር ሁሉ መጠይቅ ያስሞላል። አስም፣ የልብ ችግር፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና ካለብሽ «አዎ» ብለሽ ሐኪም ማስፈረም ግድ ነው። ለማለፍ ብለሽ እንዳትዋሺ።

ስለ ጆሮ፦ ጣርማ በርን አልፈሽ ወደ ደብረ ሲና ስትወርጂ ጆሮሽ ድፍን ይላል አይደል? ውሃ ውስጥ ያው ነው፤ ግን በጣም ይፈጥናል። አሥር ሜትር ስትወርጂ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። አፍንጫሽን ይዘሽ ቀስ ብለሽ እየገፋሽ፣ ሳያምሽ በፊት ማስተካከል ነው። ጉንፋን ከያዘሽ ያን ቀን አትጥለቂ። ቢጫ ካርድሽንም አሁኑኑ አውጪ። የቢጫ ወባ ክትባቱ ከተወጋሽ ከአሥር ቀን በኋላ ነው የሚጸናው።

ሞጆ ላይ የታመመው፦

የሦስተኛው ጥያቄሽ መልስ እኔ ነኝ።

ዌል ሻርክ የሚባለውን ከዓሣ ሁሉ ትልቁን ለማየት ወደ ጅቡቲ ሄድኩ። በኅዳርና በታኅሣሥ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣሉ። ሦስት ቀን ጠለቅኩ፤ የመጨረሻውን ማምሻውን። በነጋታው ማለዳ ባቡር ላይ ነኝ። አውሮፕላን አልተሳፈርኩም፣ ምን ይነካኛል ብዬ ነው። ድሬዳዋ ላይ ምንም የለም፤ ጫት ገዝተው የገቡ ሰዎች ጋር እየተጫወትኩ ነበር። አዳማን ስናልፍ ግራ ትከሻዬ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። የመቀመጫው ነው ብዬ አሸሁት። ሞጆ ላይ ክንዴን ማንሳት አቃተኝ። ለቡ ስንደርስ ሻንጣዬን ያወረደልኝ የማላውቀው ልጅ ነው። ከዚያ ቀጥታ ሆስፒታል፣ ኦክስጅን። የተቀበለኝ ተረኛ «ጅማት ዞሮብህ ነው» ብሎ ቅባት ሊያዝልኝ ነበር፤ ዳይቪንግ የሚለውን ቃል ሦስቴ ደጋግሜ ነው የገባው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታች ግፊቱ ሲበዛ ከምንተነፍሰው አየር ናይትሮጂኑ ሰውነት ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ ግን ክዳኑ እንደተከፈተ አምቦ ውሃ ነው፤ አረፋ ይሠራል፣ መገጣጠሚያ ላይ ይቀመጣል። ሲብስ አከርካሪና አንጎል ይነካል። ዳን የሚባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት ምክሩ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ 12 ሰዓት፣ ለብዙ ቀን ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየት ነው። አንቺ ያሰብሽው 17 ሰዓት ነው፤ ያውም ከአራት ሳምንት በኋላ።

ደግሞ ሌላ አገር ሰው የማይገጥመው የኛ ጣጣ አለ። የአውሮፕላን ካቢን ግፊት በ2,400 ሜትር ከፍታ ካለው እንዳይሳሳ ተደርጎ ነው የሚሠራው። አዲስ አበባ ያው 2,300 ገደማ ናት። ሌላው ሰው ካረፈ በኋላ ግፊቱ ይመለስለታል፤ እኛ ቦሌ ብናርፍም አሁንም አየር ላይ ነን። ለኛ ባቡሩም፣ መኪናውም አውሮፕላን ነው። ስለዚህ 24 ሰዓቱን ሙሉ ጠብቂ። እኔ ብሆን ደግሞ አንድ ቀን እጨምርበታለሁ። ትከሻዬ ብርድ ሲሆን እስካሁን ያስታውሰኛል።

ጡረተኛው መርከበኛ፦

ልጄ፣ እኔ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገልኩ ነኝ። አሁን አራት ኪሎ ጀበና አጠገብ ነው መልሕቄን የጣልኩት። ያኔ ባሕር የኛ ነበር፤ ይህን ትቼ ለጠየቅሽው ልመልስ።

ሁሉም ሰው «ኦክስጅን ተሸክመው» ይላል። ጀማሪ የሚሸከመው የታመቀ ተራ አየር ነው። ንጹሕ ኦክስጅን ጥልቀት ላይ መርዝ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ከምንም በላይ ትንፋሽሽን አትያዢ። ስትወጪ አየሩ ሳንባሽ ውስጥ ይሰፋል፤ ከያዝሽው ይቀድሻል። ከራስሽ ትንንሽ አረፋ ፈጥነሽ አትውጪ። አምስት ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆሚ። ሳስተምራቸው የነበሩት ጎበዞች ሁሉ የደነገጡ ጊዜ የሚያደርጉት ሁለቱን ስሕተት ባንዴ ነበር፤ ትንፋሽ መያዝና ሽቅብ መሮጥ። እናትሽን ሰላም በይልኝ። የሚወስደው ውሃው ሳይሆን ድንጋጤው ነው በያት።

ባንክ የምሠራ፦

አጭር ነገር። ሙሉ ክፍያውን ባንዴ አትላኪ፤ ማስያዣ ብቻ ክፈይ፣ ቀኑ ቢቀየር ገንዘቡ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይስጡሽ። የተቀበሉሽን ደብዳቤ ይዘሽ ባንክ ሂጂ፤ ለጉዞ የውጭ ምንዛሪ ሲጠየቅ ማስረጃ ይፈለጋል። በቱሪስትነት ገብተሽ በጎ ፈቃድ መሥራት ይፈቀድ እንደሆነም ኤምባሲያቸውን በጽሑፍ ጠይቂ።

ጠያቂዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ መልእክትዎን ለእናቴ አነበብኩላት፤ «እንዲህ ያለ ሰው እዚያ ካለ ትሂድ» አለች። እዚያ እንደሌሉ አልነገርኳትም።

ጻፍኩላቸው። ሰኔ ላይ ባሕሩ አስቸጋሪ መሆኑን ሳይሸፋፍኑ አመኑ፣ ወደ ጥር አዛወሩልኝ። ሪፖርቱንም ላኩ፤ አርባ ገጽ ነው፣ ግማሹ ሠንጠረዥ ነው፣ እውነትም ወደድኩት። የመጨረሻ ዳይቬን ሐሙስ አደረግኩት፣ የምበረው ቅዳሜ ነው። ዋናው አራተኛው ርዝመት ላይ ደርሷል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ከአለባበስና ከምግብ ምን ልያዝ? እናቴ በፌስታል በፌስታል እያሰረች ጀምራለች።

ሞገድ፦

ፌስታሉን አስጥያት! ኬንያ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች። የጨርቅ ከረጢት ይሁን። ፀሐዩ ጀርባ ስለሚልጥ እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ቲሸርት ያዢ። በርበሬ አትርሺ፤ እዚያ ዓሣው ሁሉ በኮኮናት ነው የሚሠራው፣ በሁለተኛው ሳምንት ይናፍቅሻል። እርሳስ ደግሞ አምስት ያዢ።