ጥቆማ፦ ጎንደር ላይ ቤትን ያለ ኬሚካል ለማጽዳት የቱ ይሻላል?

«ቤቴን በተፈጥሮ ነገር ማጽዳት እፈልጋለሁ፣ እኛ ከተማ ምን ይገኛል?» እያላችሁ የጠየቃችሁኝ በዝታችኋል። እኔ ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቀድሜ ልንገራችሁ፣ የማወዳድረው ለመለቅለቅ በሚፈጀው ውሃ፣ በጆግ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሦስቴ ለቅልቁኝ የሚል ማጽጃ ከየትኛውም ቅጠል ቢሠራ ለእኔ አይሆንም።

ከእንዶድ ልጀምር። የደረቀውን ፍሬ ቅዳሜ ገበያ በጣሳ ገዛሁ። ሻጯ ስትሰጠኝ «እታለም፣ ሳታረጥቢው እንዳትወቅጪው» አለችኝ። እኔ ደግሞ መቼ ሰው እሰማለሁ! ሁለት ጊዜ እንኳ ሳልወቅጠው ብናኙ አፍንጫዬ ገባና ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስነጠሰኝ። በማግስቱ ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ ወቀጥኩት፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አጠለልኩት። አረፋው ከሳፋው ሊገነፍል ደረሰ። ነጠላና ጋቢ ሳጥብበት ወደድኩት፤ የጥለቱ ቀለምም አልለቀቀብኝም። ወለል ላይ ግን ተጸጸትኩ። አረፋው አላልቅ ብሎ አምስት ጆግ ጨረሰብኝ።

ደግሞ «የተፈጥሮ ነው» ብላችሁ አትናቁት። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ስለሆኑ ለዚያ በሽታ መከላከያ የተደረገው ምርምር የተነሳው ከዚህ ነው። ቀንድ አውጣ የገደለው እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ስለዚህ እጣቢውን ቀሃም ሆነ አንገረብ ወንዝ ውስጥ አትድፉት፣ መሬት ይጠጣው። ፍሬውን ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡት፣ ከተዋጠ መርዝ ነው።

ለየዕለት ሥራ የእኔ ምርጫ አቼቶ ነው። ፒያሳ ያሉት ሱፐርማርኬቶች ነጩን ይሸጣሉ፣ ቡኒውን ተዉት። አንድ እጅ አቼቶ፣ አራት እጅ ውሃ፣ ሃይላንድ ክዳኑ ተበስቶ፣ አለቀ። መስታወትና መስኮት በዚህ ረጭታችሁ በጋዜጣ ብትጠርጉት መለቅለቅ አይፈልግም። በጆግ ሲቆጠር ዜሮ ማለት ነው። ሽታው ከሩብ ሰዓት በኋላ ይጠፋል። ሊሾና እምነ በረድ ላይ ግን እንዳታደርጉት፤ አሲድ ስለሆነ ሲሚንቶውንም ድንጋዩንም ይበላዋል። ወለሉ ሊሾ የሆነ ሰው ጥቂት ሳሙና ጠብ ያለበት ለብ ያለ ውሃና በደንብ የተጨመቀ መወልወያ ይበቃዋል።

የማንቆርቆሪያዬ ሆድ ውስጥ የተጋገረውን ነጭ ነገር ያስለቀቀልኝ ሎሚ ነው። ሁለት ሎሚ ጨምቄ ከውሃ ጋር አፈላሁት፣ አንድ ሰዓት ተውኩት፣ በጨርቅ ሳሸው ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ወጣ። ለፍሪጅ ሽታ ደግሞ ቤኪንግ ሶዳ በስኒ ማስቀመጥ ነው። ባለሱቆች ሶዳ ስትሏቸው ቤኪንግ ፓውደር ያነሳሉና ጽሑፉን አንብቡ። አቼቶና ሶዳ ቀላቅሎ ማፍላቱ ለዓይን ደስ ይላል እንጂ አረፋው ሲያልቅ ሁለቱም ተጣፍተው የሚተርፈው ጨዋማ ውሃ ነው። ለየብቻ ተጠቀሙባቸው።

አሁን ወደሚያናድደኝ። በጄሪካን የሚዞረው «ቤት የተሠራ» ፈሳሽ ሳሙና ርካሽ ነው፣ ለሰፈር ልጆችም ሥራ ፈጥሯል፤ በዚህ አልከፋም። ግን ቤት ውስጥ ተሠራ ማለት ከተፈጥሮ ተሠራ ማለት አይደለም። አንዱን «ከምን ነው የምትሠራው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ቴክሳፖን፣ ሰልፎኒክ አሲድ፣ ካስቲክ ሶዳ፣ ቀለምና ሽቶ» አለኝ ሳይደብቅ። ፋብሪካ የሚጠቀምበት እኮ ነው! ለሳህን ይሁን፣ ግን ተፈጥሯዊ ብላችሁ ጨምራችሁ አትክፈሉ። ወለል ላይ ደግሞ ካልለቀለቃችሁት እያጣበቀ አቧራ ይሰበስባል፤ ሦስት ጆግ ቁጠሩ።

አገልግሎትስ? ለፋሲካ አንድ የጽዳት ድርጅት ጠርቼ ነበር። ሁለት ልጆች መጡ፣ ትሁቶች ናቸው። አንደኛው ሽንት ቤቱ ላይ አሲድ ደፋበት፣ ብዙም ሳይቆይ በረኪና ጨመረበት። ጉሮሮ የሚያንቅ ሽታ ሲነሳ ሁላችንም ተያይዘን ደጅ ወጣን። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ አቼቶና ሎሚም አሲድ ናቸውና እናንተም እንዳትሞክሩት። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንዴ ተመላላሽ ነው የማስመጣው። ዕቃውን እኔ አቀርባለሁ፣ እሷ እጇን ታመጣለች። ድርጅት የግድ ከሆነባችሁ «የራሴን ማጽጃ ብሰጣችሁ ትሠራላችሁ?» ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። እንቢ የሚል ካለ ይለፋችሁ።

በረኪናን ጨርሼ አልጣልኩም። ቤት ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ሰው ካለ አቼቶ አይበቃም፤ ያን ቀን በረኪና ለብቻው፣ መስኮት ተከፍቶ።

ጎረቤቴ እማማ ይሄን ሁሉ ሲያዩ ይስቁብኛል። እሳቸው የጠላ ጋናቸውን ዛሬም በግራዋ ቅጠል አሽተው፣ ለቅልቀው፣ በወይራ ያጥኑታል። ከግቢያቸው ግራዋ ለምኜ የወተት ዕቃዬን አጠብኩበት፣ ሽታው ጥርግ አለ። ግራዋ ግቢው ያለ ሰው ገበያ መውጣት አያስፈልገውም።

ለእንዶድ ቅዳሜ ከሄዳችሁ በጠዋት ሂዱ። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ፍሬ መዳፋችሁ ላይ በጠብታ ውሃ እሹ። ካላረፋ ወደ ቀጣዩዋ ሻጭ እለፉ፤ እጃችሁን ደግሞ ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ።