ኦቶካድ ልትማሩ ላሰባችሁ፦ የት ብትማሩ፣ በየትኛው ፕሮግራም ብትጀምሩ

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከደሴ ደውላ «ጋሼ፣ ድራፍቲንግ ልማር ነው፤ የት ልመዝገብ?» አለችኝ። ድራፍቲንግ የሕንፃ ፕላን መሣል ነው፤ ኦቶካድም ያን በኮምፒውተር የምንሠራበት ፕሮግራም ነው። በዚህ ወር ይህንኑ የጠየቀችኝ ሦስተኛ ሰው ናት። ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል ብዬ የነገርኳትን እዚህ ጻፍኩት። ሥራዬ ድራፍተሮች የሚያመጡትን ፕላን ማረም ስለሆነ፣ ተምረው የመጡ ልጆች ምን ላይ እንደሚቸገሩ በየቀኑ አያለሁ።

ከማሠልጠኛው ልጀምር። አዲስ አበባ ውስጥ የግል ማሠልጠኛ ሞልቷል። ብዙዎቹ ኦቶካድን ከሌሎች የሕንፃ ሥራ ፕሮግራሞች፣ ከሬቪት፣ ከአርኪካድና ከኢታብስ ጋር አንድ ላይ ጠቅልለው በአጭር ጊዜ እንጨርሳለን ይላሉ። ለጀማሪ ይህን አልመክርም። የሁለት አቅጣጫ ሥዕሉን ብቻ፣ ማለትም ፕላን (ከላይ የሚታየውን)፣ ሴክሽን (ሕንፃው ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበትን) እና ኤሌቬሽን (ከውጭ ፊት ለፊት የሚታየውን)፣ በደንብ የሚያሠራችሁን ምረጡ። ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ለአንድ ኮምፒውተር ስንት ሰው ነው? መብራት ሲጠፋ ያመለጠው ክፍለ ጊዜ ይካካሳል ወይ? ስጨርስ ራሴ ሠርቼ በልኬቱ ያሳተምኩት ወረቀት በእጄ ይኖራል ወይ? ለሦስተኛው ጥያቄ «ሰርተፊኬት እንሰጣለን» የሚል መልስ ከሰጧችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

እኔ የተማርኩበት ቦታ አንድ ኮምፒውተር ለሁለት ነበር። ማውሱን የሚይዘው ጓደኛዬ ነበር፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ እያየሁ የገባኝ ይመስለኝ ነበር። ኮርሱ አልቆ ብቻዬን ስቀመጥ አንድ በር እንኳ ግድግዳው ላይ ማስገባት አቃተኝ። ይህ ሙያ በዓይን አይለመድም፤ እጅ ነው የሚማረው።

ጊዜ ላለው ሰው የመንግሥት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅን አስቀድማለሁ። ደሴ ላይ ወይዘሮ ስኂን፣ አዲስ አበባ ላይ ተግባረ ዕድና ጄኔራል ዊንጌት አሉ። ሄዳችሁ የድራፍቲንግ ወይም የአጭር ጊዜ ሥልጠና በዚህ ዙር ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። ጊዜው ይረዝማል። ነገር ግን አንድን ዕቃ ከላይ፣ ከፊትና ከጎን አይቶ መሣልን በእርሳስና በማስመሪያ የተለማመደ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሣል ያውቃል። ቀጥታ ኮምፒውተር ላይ የጀመረው ትእዛዙን ሁሉ ያውቅና ሴክሽን ቁረጥ ሲባል የደረጃው መወጣጫ የት እንደሚታይ ይጠፋዋል።

የቪዲዮ ትምህርትም በአማርኛ ሳይቀር በነፃ ይገኛል። ለትእዛዞቹ በቂ ነው፤ ላይን (መስመር መሣያ)፣ ኦፍሴት (ትይዩ መስመር ማውጫ)፣ ትሪም (ትርፉን መቁረጫ)፣ ሌየር (ሥዕሉን በንብርብር መለያ) እና ዳይሜንሽን (ልኬት መጻፊያ) በዚያ ይያዛሉ። የሚጎድለው የሚያርም ሰው ነው። በቪዲዮ የምትማሩ ከሆነ ቢሮ የሚሠራ አንድ የምታውቁት ሰው በሳምንት አንዴ ሥራችሁን እንዲያይላችሁ ለምኑት።

ወደ ፕሮግራሞቹ ልለፍ። ቢሮዎች የሚጠይቁት ኦቶካድ ነው፤ ፋይሉም በዲደብሊውጂ (DWG)፣ በኦቶካድ የራሱ የፋይል ዓይነት፣ ነው የሚዞረው። የኦቶካድ አምራች ኦቶዴስክ ዕውቅና ባለው ትምህርት ቤት ለሚማሩና ለሚያስተምሩ ኦቶካድን በነፃ ይሰጣል፤ ፈቃዱ የአንድ ዓመት ነው፣ ተማሪ እስከሆናችሁ ይታደሳል። የትምህርት ቤት ማስረጃ ይጠይቃል። በዚያ ፈቃድ የገንዘብ ሥራ መሥራት ግን አይፈቀድም። በፍላሽ ከሚዞረው ክራክ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ ከሚጫነው ኮፒ፣ ራቁ። ቫይረስ ይዞ ገብቶ የአንድን ባልደረባዬን የስድስት ወር ሥራ ሲያጠፋ አይቻለሁ።

ተማሪ ላልሆነ ሰው ሊብረካድን እመክራለሁ። ነፃ ነው፣ ሁለት አቅጣጫ ብቻ ይሠራል፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ይጫናል፣ በአሮጌ ላፕቶፕም ይሄዳል። ደካማ ጎኑ ዲደብሊውጂ አድርጎ ማስቀመጥ አለመቻሉ ነው፤ ሲከፍትም ሁሉንም አሟልቶ አያሳይም። በዲኤክስኤፍ (DXF)፣ ፕሮግራሞች ሥዕል በሚለዋወጡበት የፋይል ዓይነት፣ አስቀምጣችሁ ብትልኩ ግን ኦቶካድ ይከፍተዋል። አንዳንድ ስምም ይለያያል፤ ኦፍሴት የምንለው እዚያ ፓራለል ነው። ሐሳቡ አንድ ስለሆነ በኋላ ወደ ኦቶካድ መሻገር አይከብድም። ኪውካድም ጥሩ ነው፤ ዲደብሊውጂ የሚከፍተው ግን የሚሸጠው ዓይነቱ ነው። በቆዩ ቪዲዮዎች ላይ «ነፃ ነው» እየተባለ የሚነገርለት ድራፍትሳይት ነፃነቱ በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አብቅቷል፤ እሱን በመፈለግ ጊዜ አታጥፉ።

ከቢሮ ቢሮ ፋይል ስትልኩ ደግሞ ኦቶካድ 2018ና ከዚያ በኋላ ያሉት የሚያስቀምጡትን ፋይል የቆዩት አይከፍቱትም። ሴቭ አዝ ብላችሁ በ2010 ወይም በ2013 ዓይነት አስቀምጡት። የተላከላችሁ ፋይል አልከፈት ካለም ከኦቶዴስክ በነፃ የሚወርደው ትሩቪው ይለውጥላችኋል።

ስለ ኮምፒውተሩ ብዙ አልልም። ለኦቶካድ ራሙ 8 ጊጋ፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን። ማውስ ግን ግዴታ ነው፤ ጎማ ያለው፣ ጎማውም ሲጫኑት የሚሠራ። በላፕቶፑ መዳሰሻ ልማር ያለ ሰው ሁለት ቀን ሳይሞላው ይሰለቻል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደማስበልጠው ነገር ልምጣ፤ እሱም ስኬል ነው፤ እውነተኛው ልክ ወረቀቱ ላይ ስንት ጊዜ አንሶ እንደሚታይ ማለት ነው። ባለፈው ወር አንድ ልጅ ኤ3 ላይ ያተመውን ፕላን አመጣልኝ። ሌየሩ የተለየ፣ መስመሩ ንጹሕ፣ የሚያምር ሥራ ነበር፤ ከታች «ስኬል 1:100» ይላል። የስኬል ማስመሪያዬን አስጠግቼ 5 ሜትር የተባለውን ሳሎን ስለካው 50 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው 46 መጣ። ሲያትም «ፊት ቱ ፔፐር» የሚለው ላይ ምልክት ተደርጎ ስለነበር ፕሮግራሙ ሥዕሉን ከወረቀቱ እንዲገጥም አሳንሶታል። ያን ወረቀት ይዞ ሳይት ላይ በማስመሪያ የሚለካ ፎርማን ቢኖር ሳሎኑን 4 ሜትር ከ60 ብሎ ነበር የሚያነበው። ልጁ ደነገጠ፤ ለካ ማንም አሳይቶት አያውቅም።

የጽሑፉም ቁመት እንዲሁ ነው። በሚሊ ሜትር ሥላችሁ በ1:100 ስታትሙ ወረቀቱ ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ እንዲነበብ ከፈለጋችሁ ሥዕሉ ላይ 250 ብላችሁ ጻፉት፤ በሜትር ከሆነ የሣላችሁት 0.25 ነው። የበር ወይም የመኪና ብሎክ (ተዘጋጅቶ የሚገባ ሥዕል) አስገብታችሁ ስክሪኑን ከሞላው፣ ወይም ነጥብ አክሎ ከጠፋ፣ አንዱ በሚሊ ሜትር ሌላው በሜትር ተሠርቷል ማለት ነው። ስለዚህ መምህራችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ዩኒት (የመለኪያ አሃድ) እና ስኬል ካላነሳ እናንተ አንሱበት።

ለአክስቴ ልጅ ምዝገባው እስኪደርስ የቤት ሥራ ሰጥቻታለሁ። ሜትር ተውሳ የእናቷን ማድ ቤት ትለካለች፣ መጀመሪያ በእጇ ትሥለዋለች፣ ቀጥሎ በሊብረካድ ትሠራዋለች፣ በመጨረሻ በ1:50 አሳትማ በማስመሪያ ታረጋግጣለች። ትናንት የእጅ ሥዕሉን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የበሩ ስፋት 85፣ የመስኮቱ 120 ሳንቲ ሜትር ብላ ጽፋለች። የግድግዳውን ውፍረት ግን አልለካችውም። «ብሎኬቱ 20 ነው ወይስ 15፣ ልስኑስ?» ብዬ መልሼላታለሁ፤ ዛሬ ማታ በሩ ላይ ሜትሩን አስገብታ እንደገና ልትለካ ነው።